ለሌላ ጉዳይ የማያገለግል አምስት ዓመት

በዱንግሪ መንደር የጡረተኛ ልደት አይከበርም። ሰው ሲወለድ ምን ደክሞ ነው የሚደገስለት ይላሉ። የሚከበረው የጡረታው ግማሽ የተመለሰለት ቀን ነው።

ወታደር ከሠራዊቱ ሲሰናበት ከወር ጡረታው እስከ ግማሽ ድረስ ለመንግሥት መሸጥ ይችላል። መንግሥት ዕድሜውን ጠይቆ፣ ዕድሜ በገፋ መጠን የሚያንስ ቁጥር ከሰንጠረዥ ላይ አንብቦ፣ ጠቀም ያለ ገንዘብ ባንዴ ይቆጥርለታል። ሰውየው ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት በቀረችው ግማሽ ይኖራል። አሥራ አምስቱ ሲሞላ የተሸጠችው ግማሽ ወደ ባለቤቷ ትመለሳለች። ያን ዕለት ፍየል ይታረዳል፣ ከወታደር መደብር የመጣ የሩም ጠርሙስ ይከፈታል፣ ከዚህ ዓለም ያልተለየ ጡረተኛ ሁሉ ይጠራል። ሻጩ በመሀል ከሞተ ደግሞ መንግሥት ከሚስቱ ሰባራ ሳንቲም አይጠይቅም፤ የእሷ አበል ሳይነካ ይከፈላታል። ስለዚህ መንደሩ ሁለት ዓይነት ጡረተኛ ያውቃል። አንዱ ፍየል ያረደ ነው፣ ሌላው መንግሥትን አክስሮ የሞተ።

ሃምሳ አለቃ ኩንደን ሲንግ ከሁለቱም ወገን አልነበረም። የተሰናበተ ዕለት የሻለቃው ጸሐፊ ቅጹን ዘርግቶ ሁሉም እዚህ ጋ ነው የሚፈርመው ሲለው፣ ኩንደን ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበበና መለሰለት። ቶሎ የሞተ የሚያተርፍበት ንግድ ከሆነ እሱ በገዛ ሞቱ ላይ አይወራረድም። ጸሐፊው በሃያ ዓመት ሥራው እንዲህ ያለ ሰው አላየሁም አለ። ኩንደን ይህን እንደ ሙገሳ ቆጥሮ ጡረታውን ሙሉዋን ይዞ ወደ ተራራው ተመለሰ።

መንደሩ ግን አልወደደለትም። በየድግሱ ተጠርቶ የሰው ፍየል ይበላል፣ እሱ የሚጠራበት ቀን የለውም። የጡረተኞቹ አውራ ሻምበል ባሻ ኡሜድ ሲንግ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሰማንያ የሞሉ ዕለት ጡረታቸው ከመቶ ሃያ እጅ ስለተጨመረላቸው ሁለተኛ ፍየል ያረዱ ብቸኛው ሰው ናቸው። አውቶቡስ የሚቆምበት የድንጋይ ካብ ላይ ተቀምጠው ኩንደን ባለፈ ቁጥር አንድ ነገር ጣል ያደርጉበታል።

«ይሄ ልጅ የኛን ፍየል እየበላ ከኛ በላይ ሊኖር ነው ሐሳቡ» ይላሉ።

«ትእዛዝ ከሆነ እኖራለሁ፣ ሳብ» ይላል ኩንደን፤ ሳብ ለአለቃ የሚባል «ጌታዬ» ነው።

ሦስት ዓመት እንዲህ ተኖረ። በአራተኛው መከር ላይ ታናሽ ወንድሙ ፕሪታም ከዴህራዱን የጣፋጭ ሳጥን ይዞ መጣ። ቢችና፣ የኩንደን ሚስት፣ ሳጥኑን ስታይ ፊቷ ጠቆረ። ባዶ እጁን የሚመጣን ወንድም ናፍቆት ነው የሚያመጣው፤ ጣፋጭ የያዘ ግን ጉዳይ አለው።

ጉዳይ ነበረው። ፕሪታም ከተማ ውስጥ የተማሪዎች መኪና ይነዳል፣ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ጀምሯል፣ ቤቱ ደግሞ ጣራ ላይ ሲደርስ ገንዘብ አለቀበት። የወንድማማቾቹ ያባት ቤት አንድ ጣራና ሁለት በር ነው። በፕሪታም በር በኩል ያለው ድርሻ ሦስት እርከን መሬትና አንድ ትልቅ የተራራ ለውዝ ዛፍ ነው፤ ዛፉ ሥር ከድንጋይ አፍ የሚወርደው ምንጭም እዚያው ውስጥ ነው። ከዚያ ምንጭ ቢችናም፣ የወተት ጎሿም፣ በመንደሩ የቀሩት ሰባት ቤቶችም ይጠጣሉ። ሳበርዋል የሚባል የዴልሂ ሰው ይህን ድርሻ ገዝቶ፣ ግድግዳው ሙሉ መስታወት የሆነ የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራበት፣ ዙሪያውንም ሊያጥረው ፈልጓል። እንግዶቹ አልጋ ላይ ተኝተው የበረዶውን ተራራ እንዲያዩ ነው አሉ። ተራራውን ቆሞ ማየት ምን እንደጎደለው የጠየቀ የለም።

«በወጉ መሠረት ቀድሜ አንተን ልጠይቅ ብዬ ነው፣ ባይጂ» አለ ፕሪታም፣ ታላቅ ወንድም በሚጠራበት ቃል፣ ዓይኑን ከጣፋጩ ሳይነቅል። «ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሺህ ሩፒ ነው የሰጠኝ። አንተ ካመጣህ ላንተ ነው። እስከ አራት ወር ይጠብቀኛል።»

ኩንደን ጣፋጩን አልነካም። ሳጥኑን ወደ ወንድሙ መልሶ ገፋና ገንዘቡ ይመጣል አለ። ይህን ሲናገር ከየት እንደሚመጣ አያውቅም ነበር፤ ቢችና ግን ወዲያው አወቀች። አውቃም ሳቀች፣ ሳቋም የደስታ አልነበረም።

በማግስቱ ሁለቱም በአውቶቡስ ወደ ከተማ ወርደው የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ ቢሮ ገቡ። ኖቲያል ጂ የሚባለው ጸሐፊ ራሱም ጡረተኛ ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ዓይነት ሰው። ኩንደን ግማሹን ልሸጥ መጣሁ ሲለው የመዝገቡን ቀን አየና ከንፈሩን መጠጠ።

«በተሰናበትህ በዓመቱ ውስጥ መጥተህ ቢሆን ያለ ሐኪም ነበር የምትሸጠው» አለ። «ከዓመት በኋላ የመጣን ሰው መንግሥት ይጠረጥረዋል። ሊሞት ነው ብሎ። ስለዚህ ሦስት ሐኪሞች ፊት ትቀርባለህ፣ እነሱ አይተውህ ይወስናሉ።»

ሰንጠረዡ የሚያየው መጪውን ልደት ስለሆነ የኩንደን አርባ ዘጠኝ ዓመት ሃምሳ ሆኖ ተቆጠረ። ጡረታው በወር አሥራ ስምንት ሺህ ነው፤ ግማሿ ተሸጣ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አንድ ሺህ አወጣች። ለመሬቱ ተከፍሎ አንድ ሺህ ይተርፋል፣ እሱ ለአውቶቡስ ይሁናችሁ አለ ኖቲያል ጂ።

ቢችና ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች። ከፈረመ በኋላ ቢሞትስ ብላ ጠየቀች።

«ምንም የለብሽም። ያንቺ አበል ሙሉ ነው፣ የወሰደውም ገንዘብ አይመለስም።»

ቢችና ባሏን ከእግሩ እስከ ራሱ፣ ከራሱ እስከ እግሩ፣ ገበያ ላይ ጎሽ እንደሚያይ ሰው ቀስ ብላ አየችው። ኩንደን ወገቡን ቀና አደረገ።

ለሐኪሞቹ ቀን ሦስት ሳምንት ቀረው። መንደሩ በሙሉ አሠልጣኝ ሆነ። አንዱ ጨው ተው አለው፣ አንዱ ሩም ተው አለው፣ ሌላው ደግሞ የደም ግፊት ሲለኩህ ስለ እናትህ አስብ፣ ስለ ወንድምህ አታስብ አለው። ኩንደን ጨውም ሩምም ተወ። ጠዋት ጠዋት የጎሿን ሣር ተሸክሞ ዳገቱን በሩጫ ይወጣል፤ ካቡ ላይ የተቀመጡት ሻምበል ባሻ ሰዓታቸውን እያዩ ይቆጥሩለታል፣ ከትናንቱ ዘገየህ ይሉታል፤ ትናንትም እንዲሁ ብለውታል። ያለ ጨው የተጋገረ የዳጉሳ ቂጣ ያለ ጨው በተቀቀለ ባቄላ ሲበላ ቢችና አጠገቡ ተቀምጣ በቃሪያ ትበላለች።

ሐኪሞቹ ሦስት ነበሩ። መሀል የተቀመጡት ከደቡብ የመጡ ኮሎኔል ሴት ናቸው፤ የአገሩን ቋንቋ ከመጽሐፍ እንደተማሩት አጥርተው ይናገራሉ። ግፊቱን ሁለት ጊዜ ለኩ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ባሰ። አካሄዱን አይተው እግሩን በራጅ አነሱት። ፊልሙን ወደ መብራቱ አድርገው አዩና፣ ይህ የግራ እግር መቼ ነው የተሰበረው ብለው ጠየቁ።

አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። ከለውዝ ዛፍ ወድቆ ነው። የመንደሩ ወጌሻ በቀርከሃ አሰረለት፤ ገጠመ፣ ትንሽ ግን ጠመመ። ሠራዊት ሲቀጠር ታዲያ በሩጫ አንደኛ ስለወጣ እግሩን የመረመረ አልነበረም። በዚያ እግር ሃያ ስድስት ዓመት አገልግሏል፣ ሁለት ክረምት በረዶ ላይ ዘብ ቆሟል፣ ማንም ቅሬታ አላቀረበም።

ሐኪሞቹ ጻፉ። ኮሎኔሏ ውጤቱን ራሳቸው አነበቡለት፤ የደም ግፊትና በትክክል ያልገጠመ የቆየ ስብራት ስላለበት፣ ለዚህ ሽያጭ ዕድሜው ላይ አምስት ዓመት ተጨምሮ ይታሰባል። ሃምሳ የነበረው ሃምሳ አምስት ሆነ። ካልተስማማ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማመልከቻውን መተው ይችላል።

ኩንደን ወንበሩ ላይ እንዳለ ተረከዙን አጋጠመ።

«ኮሎኔል ሳብ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰው ሰማንያ ሲሞላው ጡረታው ከመቶ ሃያ እጅ ይጨመርለታል። በመንደራችን አንድ ሻምበል ባሻ ይህን እያገኙ ነው። እንግዲህ እኔ አምስት ዓመት ከተጨመረብኝ፣ ሰባ አምስት ስሞላ ይጨመርልኛል ማለት ነው?»

ከግራና ከቀኝ ያሉት ሐኪሞች ወረቀታቸውን ማየት ጀመሩ። ኮሎኔሏ ብዕራቸውን አስቀመጡ፣ መልሰው አነሱት።

«ይህ የዚህ ቦርድ ጉዳይ አይደለም» አሉ። «መጻፍ ትችላለህ።»

«እጽፋለሁ» አለ ኩንደን።

ጻፈም። ከቤቱ ሳይደርስ፣ አውቶቡስ መናኸሪያው ሻይ ቤት ውስጥ ነው የጻፈው። መንግሥት አምስት ዓመት ስለጨመረለት እያመሰገነ፣ ይኸው በሁሉም መዝገብ ላይ እንዲሰፍርለት፣ የሰማንያ ዓመቱም ጭማሪ በአምስት ዓመት እንዲቀድምለት አመለከተ። ሌላም ወረቀት ጻፈ፤ ሁለተኛው የሽያጩን ማመልከቻ መተዉን የሚገልጽ ነው። እሱን ግን ፖስታ ቤት አላስገባውም፤ ኪሱ ውስጥ አደረገው።

ኖቲያል ጂ እንደገና ሲያሰላው ሂሳቡ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ ሺህ መጥቷል። ከመሬቱ ዋጋ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ጎደለ። ኩንደንን ያንገበገበው ጉድለቱ አልነበረም። የአምስት ዓመት ዕድሜው በመንግሥት ሚዛን ሃያ ሺህ ሩፒ ብቻ ማውጣቱ ነው። አንድ ደህና በቅሎ ከዚያ ይበልጣል።

ቤት ሲደርስ ቢችና የራጁን ፊልም ተቀብላ አየችው፣ አየችውና መስታወቱ ከተሰበረው መስኮት ላይ ለካችው። ልክ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ንፋስ መግባቱ ቀረ፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣም የኩንደን ግራ እግር ግድግዳው ላይ ይታያል።

ለአሥር ቀን ኩንደን ወረቀቱን ኪሱ ይዞ ዞረ። በዘመኔ ሮጬ የቀደመኝ የለም፣ ሦስት ሰዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው ሊያስረጁኝ አይችሉም፣ አልሸጥም ይላል። ለጎሿም ለካቡ ሽማግሌዎችም ይህንኑ ይላል። ቢችና እየሰማች ውሃዋን ትቀዳለች። በአሥራ አንደኛው ቀን ሁለቱን እንስራ በሩ ላይ አስቀመጠችና ፊቱ ቆመች።

«የምትጠላው መሸጡን ነው ወይስ ማርጀቱን?»

ኩንደን እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

«ያ የመስታወት ሰውዬ ምንጩን ሲያጥረው አንተ አይደለህም ወንዝ የምትወርደው። እኔ ነኝ። ለመውረድ አንድ ሰዓት፣ ለመውጣት ሁለት። የኔን ዕድሜ የመዘነ ቦርድ የለም፣ ኩንደን። የሚጨምርልኝም የሚቀንስልኝም የለም። አምስት ዓመት ጨመሩብኝ ብለህ ታለቅሳለህ፤ ያ አጥር ከቆመ እኔ ላይ አሥር ይጨመራል፣ ወረቀትም አይሰጠኝም።»

እንስራዎቿን አንስታ ገባች። ኩንደን ለውዙ ሥር ብዙ ቆየ። ያን ጊዜ የወደቀበትን ቅርንጫፍ ያውቀዋል፤ አሁን በጣም ወፍሯል። ከዚያ ገብቶ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣና ምድጃ ውስጥ ከተተው። ቢችና አየችው፤ የዚያን ቀን ባቄላው ጨው ነበረው።

ገንዘቡ በሁለት ወር ደረሰ። ኩንደን ጡረታውን ሲቀበል ግማሽ ሆናለች። በተቀጠረው ቀን ከመስኮቱ ላይ ፊልሙን ነቀለ፣ በጋዜጣ ጠቀለለው፣ ወደ መሬት መዝገብ ቢሮው ወረደ።

ፕሪታምና ሳበርዋል በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። ሳበርዋል መልካም ሰው ነው፣ ለሁሉም ሻይ አዟል። ኩንደን የባንክ ወረቀቱን ለወንድሙ ሰጠው። ፕሪታም አንብቦ ዓይኑን አነሳ።

«ባይጂ፣ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ይጎድላል።»

ሳበርዋል በትሕትና እሱ ዘጠኝ መቶ ሃምሳውን ሺህ ሞልቶ፣ ሌላ ሃያ ሺህ እንደሚጨምር ተናገረ። ኩንደን አልሰማውም። ጋዜጣውን ፈታና ፊልሙን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ ያዘው። ሳበርዋል የቤቱ ፕላን መስሎት ጠጋ አለ።

«ይሄ የማን እግር ነው?» አለ ኩንደን።

«ያንተ ነዋ።»

«ለማን ተሰበረ?»

ፕሪታም የባንክ ወረቀቱን አጣጠፈ። ሰባት ዓመቱ ነበር ያን ጊዜ። ከለውዙ ጫፍ ላይ ያለውን ካላወረድክልኝ ብሎ መሬት ላይ ተንከባልሎ ያለቀሰው እሱ ነው። ከወደቀ በኋላም፣ ኩንደን መሬት ላይ ተዘርግቶ ሲጮህ፣ ለውዙን ለቅሞ የበላው እሱ ነው። ይህን መንደሩ በሙሉ ያውቀዋል።

ኩንደን የሐኪሞቹን ወረቀት አወጣ። «መንግሥት ይህን እግር አይቶ አምስት ዓመት ቆረጠብኝ። ዋጋውን ራሱ አስልቶታል፣ የኔ ቃል አይደለም። እግሩ ያንተ ነው። አሥራ ዘጠኝ ሺውም ያንተ ነው። ተቀናንሷል።»

ፕሪታም ወረቀቱን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች አነበበ። ነጂ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው፣ ምልክት እንዳያልፈው።

«እዚህ ላይ እኮ የደም ግፊትም ይላል» አለ።

«እሱም ያንተ ነው። ከጣፋጩ ሳጥን ጋር ያመጣኸው።»

ፕሪታም አንገቱን ደፋ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሳበርዋል ያለቀሰ መስሎት እጁን ሊጭንበት ነበር፤ ቀና ሲል ግን እየሳቀ ነው። ይቅርታ ሳብ፣ ይሄ የቤታችን የቆየ ሂሳብ ነው አለና ገብቶ ፈረመ። ሲወጣ፣ በየዓመቱ አንድ ከረጢት ለውዝ ይላክልኝ ሲል ጠየቀ።

«ና፣ ራስህ ወጥተህ አርግፍ» አለ ኩንደን።

ፕሪታም ፊልሙን ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ አደረገ። ኩንደን የመስኮቴ ነው ቢለው፣ አሥራ ዘጠኝ ሺህ የከፈልኩበት የኔ ነው ብሎ ይዞት ሄደ።

በዚያው ሰሞን የደብዳቤው መልስ መጣ። ማኅተሙ ሁለት ነው። ኩንደን ወደ ካቡ ወስዶ ጡረተኞቹ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፤ የተጨመረው አምስት ዓመት ለጡረታ ሽያጩ ስሌት ብቻ እንደሚያገለግል፣ ለሌላ ለማናቸውም ጉዳይ የአመልካቹ ዕድሜ በመጀመሪያው የአገልግሎት መዝገብ ላይ የሰፈረው መሆኑን ያስታውቃል።

«ከለከሉህ» አሉ ሻምበል ባሻ።

«የለም፣ ሳብ። ደህና አድርገው ያንብቡት። ለሌላ ለማናቸውም ጉዳይ ነው የሚለው። መሞትም ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያም ላይ አምስቱ አይቆጠርም፣ በማኅተም።» ከዚያ ሁሉንም በየስማቸው ጠራና ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ግማሿ ለምትመለስበት ቀን ፍየል ጋበዛቸው። መቅረት አይቻልም አለ። እሱ አይቀርም፣ ማንም እንዳይቀርበት።

ሻምበል ባሻ በጣታቸው ቆጠሩ። «ዘጠና ስድስት ይሆነኛል። ጉበቱን ለኔ አስቀምጥ፣ ሌላው አይታኘክልኝም።»

«ትእዛዝ ነው፣ ሳብ።»

ቤት ሲመለስ መስኮቱ ባዶ ነበር፣ ንፋስም ይገባበታል። ቢችና ከምንጩ ቀድታ እየገባች ነው። ኩንደን ደብዳቤውን በሩዝ ውሃ ለጥፎ በመስኮቱ ላይ ወጠረው። ቢችና ጽሑፉን ለምን ወደ ውጭ እንዳዞረው ጠየቀችው፤ ከውስጥ ሆነው ምንም ማንበብ አይችሉም።

እኛ አንብበነዋል አለ ኩንደን። ያላነበበው አምስት ዓመት ቀድሞ ሊወስደኝ የሚመጣው ነው።